የሬጀንሲ ሮማንስ ልቦለዶች ለምን አይሰለቹም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለነዚህ መጻሕፍት ባወራሁ ቁጥር ያው ጥያቄ ተመልሶ ስለሚመጣ አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሬጀንሲ የሚባለው የቱ ጊዜ ነው?

እንግሊዝ አገር ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አእምሮው ታሞ መግዛት ሲያቅተው ልጁ፣ የዌልሱ ልዑል፣ በ1811 ፌብሩዋሪ ላይ እንደራሴ ሆነ፣ አባትየው በ1820 ጃንዋሪ እስኪሞት ድረስም በዛው ቀጠለ፤ ያቺ ዘጠኝ ዓመት ናት ሬጀንሲ የምትባለው። ለኛ እንደራሴ የሚባል ነገር አዲስ አይደለም፣ ራስ ተፈሪ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ የነበሩበት ቦታ ይሄው ነው። ልቦለድ ጸሐፊዎቹ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ብቻ ሙጭጭ አይሉም፣ ከ1790ዎቹ መጨረሻ እስከ 1830ዎቹ ድረስ ያለውን ሁሉ ሬጀንሲ ይሉታል። ናፖሊዮን አውሮፓን እያመሰ ነው፣ እሱ የተሸነፈበት የዋተርሉ ጦርነት በ1815 አለ፣ ለንደን ውስጥ ደሞ ሀብታሙ በየማታው ዳንስ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ወደ አቢሲኒያ ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ ለንደን ላይ የታተመው በ1814 ነው፣ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን ማንስፊልድ ፓርክ የሚለው ልቦለድ በወጣበት ዓመት። ማለትም በዛ ጊዜ አንዲት የለንደን እመቤት ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ስለ ትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ማንበብ ትችል ነበር፣ እኛ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነን። ይሄንን ሳስብ ዘመኑ ቅርብ ይሆንልኛል።

የዚህ ዘርፍ ጀማሪዋ ጄን ኦስተን ናት?

አዎም አይደለምም። ኦስተን የጻፈችው ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ ራሷ ጊዜ ነው፣ ሰፈሯን፣ ጎረቤቶቿን፣ የምታውቀውን ዳንስና የምታውቀውን ችግር። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1811 ሲወጣ ስሟ እንኳን አልተጻፈበትም፣ ጸሐፊዋ ሴት መሆኗ ብቻ ነው የተገለጸው። ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ በ1813 ወጣ፣ እና ሙሉ መብቱን ለአሳታሚው በ110 ፓውንድ ሸጣዋለች፣ ከዛ በኋላ ያ መጽሐፍ ያስገባውን ገንዘብ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል። በ1817 ስትሞት 41 ዓመቷ ነበር፣ ከስድስቱ ዋና ልቦለዶቿ ሁለቱ የታተሙት ከሞተች በኋላ ነው።

ሬጀንሲ ሮማንስን እንደ አንድ ዘርፍ ያቋቋመችው ግን ጆርጄት ሄየር ናት፣ ከ1902 እስከ 1974 የኖረች እንግሊዛዊት። የመጀመሪያ ታሪኳን ታሞ ለተኛ ወንድሟ ማዝናኛ ብላ ነው የፈጠረችው፣ በ1921 ታተመላት፣ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቷ። በ1926 ዲዝ ኦልድ ሼድስ የሚለው መጽሐፏ ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ፣ ጋዜጣ የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ሂስ የሚጽፍ የለ፣ መጽሐፉ ግን በአንባቢ አፍ ብቻ ተሸጠ። ሄየር ከዛ በኋላ ኢንተርቪው የሚባል ነገር አልፈለገችም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከጋዜጠኛ ሸሽታ ኖራ አንባቢዋ አንድም ቀን አልቀነሰባትም። የሬጀንሲ ልቦለዶቿ በ1935 ጀምረው እስከ 1972 ቀጠሉ፣ ዛሬ የምናውቀው ነገር ሁሉ፣ ደረቁ ጌታ፣ አንደበተ ርቱዕዋ ልጅ፣ ሰረገላው፣ ክራቫት የሚባለው የአንገት ጨርቅ አስተሳሰሩ፣ አብዛኛው የሷ እጅ ነው።

መጨረሻው እየታወቀ ለምን ደጋግሞ ይነበባል?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። አዎ፣ ይጋባሉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታወቃል። ግን እነዚህን መጻሕፍት የሚወድ ሰው የሚያነበው ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም ብሎ አይደለም፣ እንዴት አድርገው ተናገሩት ብሎ ነው። በዛ ጊዜ ያላገባች ሴት ከአንድ ወንድ ጋር ብቻዋን መሆን አትችልም፣ ሳይተጫጩ ደብዳቤ መጻጻፍ ነውር ነው፣ በአንድ ማታ ከአንድ ሰው ጋር ከሁለት ጊዜ በላይ ከደነሰች ወሬው በነጋታው ከተማውን ይዞራል፣ ስለዚህ የልባቸውን ነገር በሙሉ ሰው እየሰማ፣ አክስት አጠገብ ተቀምጣ፣ ስለ አየር ሁኔታና ስለ መንገድ በሚመስል ንግግር ውስጥ ማሳለፍ አለባቸው። ይሉኝታ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይሄ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። አንዲት ቃል ትወጣለች፣ እሷ ቃል ላይ ሁሉ ነገር ተንጠልጥሏል።

የኦስተን ፐርስዌዥን ውስጥ ያለችውን ቦታ ልንገራችሁ። አን ኤልየት 27 ዓመቷ ነው፣ ከስምንት ዓመት በፊት ዌንትዎርዝ የሚባል ገንዘብ የሌለው የባህር ኃይል መኮንን ሊያገባት ፈልጎ ሰው መክሯት ትታዋለች፣ አሁን ሀብታም ካፒቴን ሆኖ ተመልሶ እንደማያውቃት ሰው ያልፋታል። ባዝ ከተማ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ሌላም ሰው አለ። እሱ ጠረጴዛ ላይ የሌላ ሰው ጉዳይ ደብዳቤ እየጻፈ ነው፣ እሷ መስኮቱ ጋ ከጓደኛው ጋር ቆማ ወንድ ነው ሴት ናት ፍቅርን ረጅም ጊዜ የምትይዘው እያሉ በቀስታ ይከራከራሉ። ድንገት ከጠረጴዛው በኩል ድምፅ ይሰማል፣ ብዕሩ ከእጁ ወድቆ ነው። ያኔ ነው አን እሱ ካሰበችው በላይ ቅርብ እንደነበረ የምታውቀው፣ ምናልባትም እየሰማ እንደነበረ። ክርክሩን ትቀጥላለች፣ ተስፋ ከሞተም በኋላ መውደድ የሴት ነው ትላለች፣ እሱ ደሞ እዛው ቁጭ ብሎ ሌላ ወረቀት ያወጣና ለሷ ይጽፋል። ተነስተው ይወጣሉ። ከዛ ጓንቱን እንደረሳ ሰው ተመልሶ ገብቶ ከተበተነው ወረቀት ስር ደብዳቤውን ስቦ ፊቷ አስቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል። እኔ ይቺን ቦታ በቃሌ ልል ምንም አይቀረኝ፣ ግን ብዕሩ በወደቀ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ሌላው ምክንያት ደሞ ክፉ ቀን ነው። ብዙ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ያገኛቸው ወይ ታሞ ተኝቶ ወይ ሐዘን ላይ ሆኖ ነው፣ ምክንያቱም እንደማይከዱህ ታውቃለህ፣ ማንም በግፍ አይሞትብህም፣ ቀልዱ ቀልድ ነው፣ መጨረሻ ላይ ነገሩ ይስተካከላል። ሄየር ሕይወቷን ሙሉ ከአንባቢ ከደረሷት ደብዳቤዎች ታዋቂው ከአንዲት ሩማንያዊት የመጣው ነው። ሴትየዋ የፖለቲካ እስረኛ ሆና እስር ቤት ውስጥ መጽሐፍ በሌለበት የሄየርን ፍራይዴይስ ቻይልድ በቃሏ ለእስረኛ ጓደኞቿ ደጋግማ ስትተርክላቸው ኖረች፣ ለዓመታት፣ አእምሯቸውን ጠብቀው የወጡት በዛ ነው። ስለ ደስተኛ ወጣት ባልና ሚስት የተጻፈ ቀላል ኮሜዲ ነው መጽሐፉ። ይሄንን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ነቢይ መኮንንን ማስታወሱ አይቀርም፣ በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድን የተረጎመው፣ ነገም ሌላ ቀን ነው ብለን ያነበብነው። ያ ሬጀንሲ አይደለም፣ ግን ሰው ጨለማ ውስጥ ሆኖ የፍቅር ልቦለድ ለምን እንደሚይዝ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም። እና «ይሄ ተራ የፍቅር መጽሐፍ ነው» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እውነቴን ነው የምለው በጣም ይከፋኛል።

ብሪጅርተንን ካየሁ አይበቃኝም?

ብሪጅርተን የሚባለው ተከታታይ ፊልም ጥሩ በር ነው፣ ብዙ ሰው በሱ ገብቷል፣ ደስ ይለኛል። የጁሊያ ክዊን የመጀመሪያው የብሪጅርተን መጽሐፍ የወጣው በ2000 ነው፣ ኔትፍሊክስ ላይ በ2020 በፈረንጆቹ ገና ቀን ጀመረ። ግን የድሮዎቹ ፍጥነታቸው ሌላ ነው። ብሪጅርተን ላይ በሁለተኛው ኤፒሶድ የሚሆነው ነገር ኦስተን ላይ ሦስት መቶ ገጽ ይፈጃል፣ ምናልባትም ጭራሽ አይሆንም፣ እና መጠበቁ ራሱ ነው ጣዕሙ። የአልጋ ነገር አለው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ኦስተንና ሄየር ላይ የለም። ከልጅ ጋርም ከእናት ጋርም ቁጭ ተብሎ ይነበባል።

ሁሉም ነገር ስለ ገንዘብና ስለ ባል ፍለጋ ብቻ አይደለም እንዴ?

ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ለሴት ልጅ ሌላ መውጫ አልነበረማ። የእንግሊዝ ሕግ ላይ ያገባች ሴት የራሷ ንብረት አልነበራትም፣ ይዛ የመጣችው ገንዘብ የባሏ ነው፣ ይሄ በደንብ የተቀየረው በ1870ና በ1882 በወጡ ሕጎች ነው። የቤተሰብ መሬት ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ ተደርጎ የሚታሰርበት አሰራር ነበር፣ ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ ላይ አምስቱ የቤኔት ልጆች አባታቸው የሞተ ቀን ቤቱን ለሩቅ ዘመድ ለቀው መውጣት አለባቸው፣ እናትየዋ በባል ጉዳይ ያበደችው ዝም ብላ አይደለም፣ ጎዳና ነው የሚታያት። የመጽሐፉ ጀግና ሚስተር ዳርሲ በዓመት አስር ሺህ ፓውንድ ገቢ እንዳለው ገና ዳንሱ ላይ ሲገባ ነው ወሬው የሚዞረው፣ ማንነቱን ሳያውቁ ገንዘቡን አወቁት።

እኔ ሁሌ የማስበው ስለ ሻርለት ሉካስ ነው። የዚሁ መጽሐፍ ዋና ባለታሪክ የኤልሳቤጥ ቤኔት ጓደኛ ናት፣ 27 ዓመቷ፣ መልክም ገንዘብም የላትም፣ እና ሚስተር ኮሊንስ የሚባለውን አሰልቺ ቄስ ዓይኗን ከፍታ ታገባዋለች፣ ቤት ስለምትፈልግ። በኋላ ኤልሳቤጥ ልትጠይቃት ስትሄድ አንድ ነገር ግራ ይገባታል፣ ሻርለት ሰፊና ደስ የሚል ክፍል እያለ ከኋላ በኩል ያለውን ክፍል ነው መቀመጫዋ ያደረገችው። ትንሽ ቆይቶ ይገባታል፣ ባልየው የሚቀመጥበት ክፍል ፊት ለፊት መንገዱን ያያል፣ የሻርለት ክፍልም እንደሱ ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ ባልየው እዛ ይበዛባታል። በቃ፣ ኦስተን ከዚህ በላይ አትልም። አንድ ሙሉ ትዳር በአንድ ክፍል ምርጫ ነገረችን። ስለ ባል ፍለጋ ብቻ ነው የሚል ሰው ይቺን ገጽ ያንብብልኝ።

ሄየርም ላይ ኤ ሲቪል ኮንትራክት የሚባል አለ፣ በ1961 የወጣ። አዳም የሚባለው ባላባት ከጦርነት ሲመለስ አባቱ ዕዳ ብቻ ትቶለት ሞቷል፣ የሚወዳትን ቆንጆ ትቶ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ጄኒን ያገባል፣ ለገንዘብ። አንባቢው በዚህ መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ሐዘን ነው ይላል፣ ግማሹ የሄየር ትልቁ ሥራዋ ነው ይላል፣ እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ጄኒ ምን ምግብ እንደሚወድ፣ የቱ ወንበር እንደሚመቸው ታውቃለች፣ ፍቅሯን በአፏ ሳይሆን በቤቱ ነው የምታሳየው፣ እሱም ቀስ እያለ ያያል። ከሰርግ በኋላ የሚጀምር ፍቅር ለኛ ቤተሰቦች አዲስ ነገር አይደለም፣ አያቶቻችንን ጠይቁ።

አልማክስ እየተባለ ሁሌ የሚጠራው ምንድነው?

ለንደን ኪንግ ስትሪት ላይ የነበረ የዳንስ አዳራሽ ነው፣ በ1765 ነው የተከፈተው፣ በሬጀንሲ ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ዳንስ ነበረው። ገንዘብ ስላለህ አትገባም፣ ጥቂት ትልልቅ እመቤቶች ተሰብስበው ስምህን አይተው ቫውቸር የሚባለውን የመግቢያ ወረቀት ከሰጡህ ነው፣ ሌዲ ጀርዚ፣ ሌዲ ካስልሬ፣ የሩስያው አምባሳደር ሚስት ካውንተስ ሊቨን፣ እነዚህ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ልቦለዶቹ ላይ በስማቸው ይገባሉ። ማታ አምስት ሰዓት ካለፈ በሩ ይዘጋል፣ ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን ያሸነፈው የዌሊንግተኑ ዱክ ራሱ ተመልሷል እየተባለ ይወራል። ምግቡ ደሞ ስስ ዳቦ በቅቤና ሎሚናት ነው። ሰው ለምግቡ ሳይሆን ለመታየት ነበር የሚሄደው፣ አንዲት ልጅ ቫውቸር ከተከለከለች የጋብቻ ገበያዋ ተበላሸ ማለት ነው።

ግሬትና ግሪንስ?

ስኮትላንድ ድንበር ላይ ያለች መንደር ናት። እንግሊዝ ውስጥ ከ1754 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ ማግባት አይችልም ነበር፣ ስኮትላንድ ግን ምስክር ካለ ይበቃል፣ ስለዚህ የሚጠፉት ጥንዶች ወደዛ ነው በሰረገላ የሚበሩት፣ አንጥረኛ ሳይቀር ያጋባቸው ነበር። ሄየር ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ተሰብሮ፣ አንዱ ታሞ፣ ወንድም ደርሶ የሚፈጠረው ትርምስ ለብቻው አንድ ዓይነት ኮሜዲ ነው።

ጥቁር ሰውስ? ባርነቱስ የት ሄደ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መድበስበስ የለበትም። እንግሊዝ የባሪያ ንግዱን በሕግ የከለከለችው በ1807 ነው፣ ባርነቱን ራሱን ለማስቀረት ግን ሕጉ የወጣው በ1833 ነው፣ ስለዚህ ሬጀንሲ ሙሉ በሙሉ በዚህ መሀል ነው ያለው፣ ከነዛ ውብ ቤቶች ስንቶቹ በካሪቢያን የስኳር እርሻ ገንዘብ እንደተሠሩ ማሰብ ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥም በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፣ የድሮዎቹ ልቦለዶች ግን አያዩዋቸውም። ማንስፊልድ ፓርክ ላይ የቤቱ ጌታ ሰር ቶማስ ካሪቢያን ውስጥ አንቲጓ ላይ ርስት አለው፣ እሱ ቤት ያደገችው ፋኒ ስለ ባሪያ ንግድ ስትጠይቀው ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ያቺ ጸጥታ ላይ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል። ሄየር ደሞ ዘ ግራንድ ሶፊ ላይ አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ የሳለችበት መንገድ አስቀያሚ ነው፣ መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎችም እዛ ገጽ ላይ ሲደርሱ ያፍራሉ፣ ማፈርም አለባቸው። መጽሐፍ መውደድ ማለት ጥፋቱን መሸፈን አይደለም። ዛሬ ጥቁር ጀግና ያላቸውን ሬጀንሲዎች የሚጽፉ አሉ፣ ለምሳሌ ቫኔሳ ራይሊ፣ ይነበቡ።

ወንዶች ያነቧቸዋል?

ያነባሉ፣ ድሮም ያነቡ ነበር። ቸርችል በ1943 መጨረሻ በጦርነቱ መሀል የሳንባ ምች ይዞት ሲተኛ ልጁ ሣራ ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስን ታነብለት ነበር፣ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል። ደራሲው ኪፕሊንግ ልጁ በ1915 ጦር ሜዳ ከጠፋ በኋላ ለሚስቱና ለሴት ልጁ ኦስተንን ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። ልጁን ያጣ አባት ማታ ማታ ያንን መርጦ ማንበቡን ሳስብ ውስጤ ይነካል።

የድሮዎቹ ቀጫጭን ሬጀንሲዎች ለምን አይታተሙም?

ከሄየር በኋላ አሜሪካ ውስጥ በተለይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትራዲሽናል ሬጀንሲ የሚባሉ ሁለት መቶ ምናምን ገጽ የሆኑ ቀጫጭን መጻሕፍት በየወሩ ይወጡ ነበር፣ ሲግኔትና ዚብራ የሚባሉት አሳታሚዎች ዋናዎቹ ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም አቆሙ፣ ገበያው ረጅምና የአልጋ ትዕይንት ያለበት ታሪክ ፈለገ። ሜሪ ባሎግ እዛ ነው የጀመረችው፣ ካርላ ኬሊም እንደዛው። ካርላ ኬሊን በተለይ ፈልጓት፣ እሷ ጋ ዱክ ብዙ የለም፣ ድሃ መበለት፣ የጦር ሐኪም፣ ደሞዙ ያልደረሰው መርከበኛ ነው ያለው፣ ረሃብና ብርድ አለ፣ እና ሰው ለሰው ደግ ሲሆን ታያላችሁ። አንዳንዶቹ አሁን በኢ-ቡክ ተመልሰዋል፣ ሌላው ግን አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ገጹ ቢጫ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ አንባቢዎቹም ዝርዝር ይዘው ነው የሚያድኑት።

እንግሊዝኛው አይከብድም?

የመጀመሪያው ሃምሳ ገጽ ይከብዳል፣ ከዛ ጆሮ ይለምዳል። ኦስተን ዓረፍተ ነገሯ ረጅም ነው ግን ንጹህ ነው። ሄየር የዘመኑን ስላንግ ታበዛለች፣ የሰረገላ ዓይነት ብቻ ስንት ስም አለው፣ በየቃሉ ዲክሽነሪ አትክፈቱ፣ ማን ማን ላይ እንደተናደደ ከያዛችሁ ይበቃል። በኦዲዮ መስማት ደሞ በጣም ይረዳል፣ ንግግሩ ጥሩ አንባቢ ሲያነበው ስድቡም ፍቅሩም ግልጽ ይላል።

ከየቱ ልጀምር?

ከፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ፣ ፊልሙን ብታዩትም። ቀጥሎ የሄየርን ፍሬደሪካ፣ ታናናሾቿን ብቻዋን የምታሳድግ ልጅ ናት፣ ውሻቸው ግሪን ፓርክ ውስጥ ላሞች ላይ የሚያስነሳው ረብሻ አለ፣ ስቃችሁ አትጠግቡም። ከዛ ኮቲልየን፣ ምክንያቱም እዛ ጀግናው ቆንጆው ጃክ አይደለም፣ ማንም ቁም ነገር ያልጠበቀበት ፍሬዲ ነው፣ የሚያውቀው ልብስና ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚመስል፣ ችግር ሲመጣ ግን ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ፐርስዌዥንን ትንሽ አቆዩት፣ አንድ ያመለጣችሁ ነገር ኖሮ ሲነበብ ነው ኃይሉ። ኤ ሲቪል ኮንትራክትን መጨረሻ ላይ።

የት ነው የሚገኙት?

የኦስተን ስድስቱም ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ፣ ስልክ ላይ ይነበባሉ፣ ሊብሪቮክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደሞ በድምፅ በነጻ ይገኛሉ። የሄየር የ1921ዱ ዘ ብላክ ሞዝም ጉተንበርግ ላይ አለ፣ ግን እሱ ገና የልጅነት ሥራዋ ስለሆነ በሱ አትፍረዱባት። የቀሩት መጻሕፍቷ አብዛኞቹ የቅጂ መብታቸው ጊዜ ገና ስላላለፈ መግዛት ወይ ከላይብረሪ መዋስ ነው፣ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የሰፈራችሁ ላይብረሪ አፕ ላይ ኦዲዮውን ሳይቀር ልታገኙት ትችላላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ የእንግሊዝኛውን ክምር በትዕግሥት ገልብጡ፣ የሄየር ስም ያለበት ካያችሁ የቱም ይሁን ሳትከራከሩ ግዙት።